ከበግ ጭንቅላት እስከ ታካሚው ወንበር፦ የአሥር ሳምንት የማስተማር ማስታወሻ

የካቲት 10፣ 2017፣ ሰኞ

ዛሬ ስድስት ተመራቂ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ተረከብኩ። ሦስት ሴት፣ ሦስት ወንድ። የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምናን እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ድረስ ከእኔ ጋር ይማራሉ። ክሊኒኩ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ነው። አራት ወንበርና አንዲት ጠባብ የቀዶ ሕክምና ክፍል አለው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጉንጩን በሻርፕ ያሰረ ሰው ኮሪደሩን ይሞላዋል።

የመጀመሪያ ጥያቄዬ «በገዛ እጃችሁ ስንት ጥርስ ነቅላችኋል?» የሚል ነበር። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ረጅሙ ልጅ «አይተናል ዶክተር። ብዙ አይተናል» አለ።

አውቃለሁ። እኔም ያኔ ብዙ አይቼ ነበር። በሲኒየሮች ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ ያየሁትን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ተመርቄ ክፍለ ሀገር ወጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ አዛውንት ገበሬ መጡ። የታች መንጋጋቸውን ስነቅል ሥሩ ውስጥ ተሰበረ። ኤክስሬይ የለም። የምጠይቀው ሰው የለም። አንድ ሰዓት ተኩል ቆፈርኩ። እሳቸው ወንበሩን ጨብጠው «አይዞሽ ልጄ» ይሉኝ ነበር። ከንፈራቸው ለወራት ደንዝዞ እንደቆየ በኋላ ሰማሁ። ያን ያህል የቆፈርኩት መቼ እንደሚቆም ያስተማረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

እነዚህ ልጆችም ከጥቂት ወራት በኋላ ብቻቸውን ወንበር አጠገብ ይቆማሉ። ስለዚህ ታካሚ ከመንካታቸው በፊት ሁሉንም ነገር በእጃቸው ይሠሩታል። ሲሠሩ ደግሞ ዝም አይሉም። እጃቸው የሚነግራቸውን በአፋቸው ይናገራሉ። «ላላ።» «ጠበቀ።» «አጥንት ነካሁ።» «እዚህ ጋ አልገባኝም።» የተማሪን እጅ ከውጭ አያለሁ። እጁ ውስጥ ያለውን ስሜት ግን ካልነገረኝ አላውቀውም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

በሌላው ዓለም ብዙ ቦታ ልምምዱ የሚሠራው በአሳማ መንጋጋ ነው። እኛ በግ አለን። ቀን መምረጥ ግን ያስፈልጋል። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ከዚያ ወዲያ ለ55 ቀን አብዛኛው ሥጋ ቤት ይዘጋል። አሁን ቅበላ ነው፤ ከተማው በሙሉ ሥጋ ላይ ነው። ዛሬ ካልገዛሁ አለቀ።

የማውቀው ሥጋ ቤት ፒያሳ ሲፈርስ ተነሥቷል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሌላ አገኘሁ። «ስምንት የበግ ጭንቅላት እፈልጋለሁ። ምላሱ ባይኖርም ግድ የለም፤ ድዱ ግን እንዳይቆረጥ» አልኩት። ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላውን አስቀመጠና አየኝ።

«ለምን ሊሆን ነው እትዬ?»

«ለተማሪዎች ነው። የጥርስ ሐኪም ሊሆኑ ነው።»

«እንግዲያው መጥረቢያ አላስነካውም» አለ። አንድ በአንድ አፋቸውን ከፍቶ እያየ መረጠልኝ። በማዳበሪያ ጠቅልሎ፣ አፉን በገመድ አስሮ ታክሲው ድረስ ተሸከመልኝ። ያደረገው ነገር ልቤን ነካው። የሰው አፍ በደንብ እንዲታከም የሚፈልገው ሐኪም ብቻ አይደለም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

የበግ ቀን። ጠረጴዛው ላይ ላስቲክ፣ በላዩ ጋዜጣ አነጠፍን። ጋውን፣ ጓንት፣ መነጽር። መስኮቶቹን ከፈትን።

መጀመሪያ አፍ ከፍተው እንዲቆጥሩ አደረግኩ። በግ 32 ጥርስ አለው። ሰውም 32። መመሳሰላቸው ግን ቁጥሩ ላይ ያበቃል። በግ የላይኛው የፊት ጥርስ የለውም፤ በቦታው ያለው ጠንካራ የድድ ትራስ ነው። ታች ስምንት የፊት ጥርስ አለው። ከዚያ ሰፊ ባዶ ቦታ ይከተላል። መንጋጎቹ ከኋላ ተደርድረዋል። ሁለቱ ልጆች ገጠር አድገው ይህን አስተውለውት አያውቁም ነበር። ሐኪም ከመንካቱ በፊት ማየትና መቁጠር አለበት። ሰው ላይም እንደዚሁ ነው። የተሳሳተ ጥርስ የሚነቀለው ሳይቆጠር ሲቀር ነው።

ከዚያ ምላጭ። 15 ቁጥር። እንደ እርሳስ ይያዛል። በድዱ ላይ አንድ ጊዜ፣ አጥንት እስኪነካ፣ ሳይነሣ ይሄዳል። ቀላል ይመስላል። ልጆቹ ግን ፈሩ፤ ላይ ላዩን ደጋግመው ጫሩት። ደጋግሞ የተጫረ ድድ ዳሩ ይበጣጠሳል፤ በኋላ ሲሰፋ አይገጥምም። «እስከ አጥንት» አልኳቸው። «አጥንቱ የት እንዳለ ምላጩ ይነግራችኋል።» ሦስተኛዋ ልጅ ስትቆርጥ ድምፁ ተሰማ። ስስ ነገር ነው። ጥፍር ሸክላ ድስት ሲነካ እንደሚሰማው ያለ። «ነካሁ» አለች። ሁሉም ቀና አሉ።

ድዱን ከአጥንቱ ሲገልጡ ስስ ሽፋኑ አብሮ መነሣት አለበት። መግለጫ ብረቱ ወደ አጥንቱ ዞሮ፣ አጥንቱን እየተጠጋ ይሄዳል። ወደ ሥጋው ከዞረ ይቀደዳል። ረጅሙ ልጅ ቀደደው። ደነገጠ። «ጥሩ» አልኩት። «እንዴት እንደሚቀደድ አሁን አወቅክ። ይህ በግ አያለቅስም።» በድጋሚ ሠራው፤ እንደ ማንጎ ልጣጭ ሳይቀደድ ተገለጠለት።

ስፌት ላይ አንድ ነገር ገረመኝ። አንዷ ልጅ ከሁሉም ወደ ኋላ ቀርታለች። መርፌ መያዣውን በቀኟ ይዛለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሻይ የያዘችበትን እጅ አየሁት፤ ግራ ነው።

«ግራኝ ነሽ?»

«አዎ ዶክተር። ግን በቀኝ ካልሆነ አይሆንም ተብያለሁ።»

ማን እንዳላት አልጠየቅኩም። «በግራሽ ያዢ» አልኳት። መርፌ መያዣው ለቀኝ አውራ ጣት ነው የተሠራው፤ ቁልፉን በግራ ለመፍታት ግፊቱ ይገለበጣል። ግማሽ ሰዓት ያንን ብቻ አለማመድኳት፤ ክር የለ፣ ሥጋ የለ፤ መቆለፍና መፍታት ብቻ። ከዚያ የሰፋችው የዛሬው ቆንጆ ስፌት ሆነ። መርፌው ከዳሩ ሦስት ሚሊ ሜትር ርቆ፣ ቀጥ ብሎ ይገባል። ከተገለጠው ድድ ይጀምራል፤ ወዳልተነካው ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ አንድ ቋጠሮ፣ በተቃራኒው ደግሞ አንድ።

በጉ ላይ የማይታየውን በቃል ነገርኳቸው። ሰው ላይ ክሩ ከጠበቀ ድዱ ይነጣል። ነጣ ማለት ደም አጣ ማለት ነው። ክሩ ዳሩን ያገናኝ እንጂ አይነቅ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ጾም ገብቷል። ሥጋ የለም። ጎሚስታው ያረጁ የብስክሌት ካላማዳሪያዎች በነፃ ሰጠን። እንጨት ላይ ወጥረን ስፌት ቀጠልን። የብርቱካን ልጣጭም ሞከርን፤ ካላማዳሪያው ይሻላል።

ዛሬ በዋናነት አቋቋም ነው የተማርነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሐኪም የታች ቀኝ ጥርስ ሲነቅል ከታካሚው ኋላ ይቆማል፤ ሌላውን ከፊት። ለግራኟ ይህ ሁሉ ይገለበጣል፤ በወረቀት ሣልንላት፣ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ለታች ጥርስ ወንበሩ ዝቅ ይላል። ለላይኛው ወደ ኋላ ይዘነበላል። ወገቡን አጥፎ የሚነቅል ሐኪም ጉልበቱን ከትከሻው ያመጣል፤ ከትከሻ የመጣ ጉልበት ሥር ይሰብራል።

ጉጠቱ ጥርስ አይጎትትም። መጀመሪያ ወደ ሥሩ ይገፋል። ከዚያ ወደ ጉንጭና ወደ ምላስ በዝግታ ይወዛወዛል፤ አጥንቱ ቀስ በቀስ ይሰፋል። የላይኛው የፊት ጥርስ ሥሩ አንድና ሾጣጣ ስለሆነ ይሽከረከራል። የላይኛው መንጋጋ ጉጠት ቀኝና ግራ አለው፤ ሹሉ ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ጉንጭ ነው። «ሹሉ ወደ ጉንጭ» እያሉ እየደጋገሙ ሲወጡ ኮሪደር ላይ ያሉ ታካሚዎች ሰምተው ሳቁ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

መርፌ። ከሁሉም የምፈራላቸው ቀን።

የታች መንጋጋን የሚያደነዝዘው መርፌ ረጅም ታሪክ አለው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሃልስቴድ እ.ኤ.አ. በ1884 በኮኬይን ነበር የሞከረው፤ ራሱም የኮኬይን ሱሰኛ ሆነ። ዛሬ ሊዶኬይን አለን፤ ነርቩ ግን የተደበቀው ያው ቦታ ነው። ከመጨረሻው መንጋጋ ኋላ፣ በመንጋጋው ክንፍ ውስጠኛ ገጽ።

መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ሒሳብ ሠራን። ይህን ሒሳብ ሳይሠራ መርፌ የሚያነሣ ተማሪ የለኝም። 2 በመቶ ሊዶኬይን ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ካርትሪጅ፣ ሲሪንጁ ውስጥ የሚገባው የማደንዘዣ ብልቃጥ፣ 1.8 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ 36 ሚሊ ግራም። ጥንቃቄ የተሞላበት ከፍተኛው መጠን በኪሎ 4.4 ሚሊ ግራም ነው። «15 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን መጣች። ስንት ካርትሪጅ?» 66 ሚሊ ግራም አሉ። «ሁለት ካርትሪጅ ብትሰጧትስ?» 72። ክፍሉ ጸጥ አለ። አዋቂ ላይ ሁለት ካርትሪጅ ማንም አይቆጥረውም። ሕፃን ላይ ወሰኑን አልፏል።

ከዚያ የእኔን አፍ ከፈትኩ። ከስድስቱ ፈቃደኛ እንዲሆኑ የጠየቅኩት የለም። አንዲት ልጅ ወጋችኝ፤ እኔም እየወጋችኝ በምልክት አስተማርኩ። አውራ ጣቷን ከመንጋጋዬ ፊተኛ ጠርዝ ጉድጓድ ላይ አሳረፈች። ሲሪንጁ ከሌላው ወገን ትንንሽ መንጋጎች በላይ ተጋደመ። ገባ። ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ገብቶ አጥንት መንካት አለበት። ቶሎ ከነካ ጫፉ ወደ ፊት ቀርቷል ማለት ነው። ጭራሽ ካልነካ ወደ ኋላ አልፏል፤ እዚያ ከተወጋ መድኃኒቱ የፊት ነርቭን አግኝቶ ግማሽ ፊት ለሰዓታት ሊያላላ ይችላል። «ነካሁ» አለች። አንድ ሚሊ ሜትር መለሰች። ሳበች፤ ደም የለም። ከዚያ በዝግታ። በጣም በዝግታ። የሚያመው ብዙ ጊዜ መርፌው ሳይሆን ጥድፊያው ነው።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ የታች ከንፈሬ ግማሹ ወፈረ። ከንፈሬን ቆነጠጠችው። አልተሰማኝም። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ለብዙ ዓመት አልረሳውም።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ሳምንት። ማደንዘዣ ብቻ፣ እኔ አጠገባቸው ሆኜ።

ስድስት ሰዓት ላይ አንዲት እናት ገቡ። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። ተማሪው ደም ግፊት ጠየቀ፣ ስኳር ጠየቀ፣ አለርጂ ጠየቀ፤ ሁሉንም ጻፈ። ወጋ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ልጄ ዓይኔን ጨለመብኝ» አሉ። ላብ ጠመቃቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ተማሪው ወደ እኔ ዞረ።

«ወንበሩን» አልኩት። አስተኛቸው፣ እግራቸውን ከፍ አደረገ፣ ነጠላቸውን አላላ፣ ሲስተር ኦክስጅን አመጣች። በደቂቃ ውስጥ ቀለማቸው ተመለሰ። ስኳራቸው ሲለካ ዝቅ ብሏል።

ያልተጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር። «ዛሬ ምን ቀመሱ?» ምንም አልቀመሱም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ከትናንት ማታ ወዲህ ውኃ እንኳ አልጠጡም። የስኳር ውኃ ስናቀርብላቸው እምቢ አሉ። አልተጫንናቸውም። ስልክ አውጥተው ለንስሐ አባታቸው ደወሉ። «ለታመመ ተፈቅዷል» ተባሉ። ያን ጊዜ ጠጡ። ቀጠሮ ሰጠናቸው፤ በሌላ ቀን ጠዋት በልተው መጥተው ጥርሳቸው ተነቀለ።

ማታ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጠን ቅጹ ላይ ጥያቄ ጨመርን። በመጀመሪያው መስመር። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመዋል፤ ከሚገባው ሰው ሁለት እጁ ጾመኛ ነው። ለረመዳን ጾመኞች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ስንጽፍ መቼ እንዲውጡት ነው? ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ባለው ሰዓት የማይገጥም ከሆነ እዚያው እንነጋገርበት። ሳንነጋገር ከላክናቸው ወይ መድኃኒቱን ይተዉታል ወይ በአንድ ጊዜ ይውጡታል።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ከነቀላ በኋላ የሚሰጠውን ምክር በአማርኛ እንዲጽፉ አደረግኩ። ያመጡት ከመጽሐፍ የተተረጎመ ነበር። «በገለባ አትምጠጡ» ይላል። እሺ። ግን ታካሚያችን ዛሬ ማታ ምን ያደርጋል? ቡና ይጠጣል፣ ትኩስ። አረቄ ያስነካዋል። ጫት የሚቅም ይቅማል። ነገ ጠዋት በመፋቂያ ቁስሉን ይነካካል። እነዚህን ጻፉ አልኳቸው። ጻፉ። ጋውዙን ግማሽ ሰዓት ነክሶ መያዝ። ለ24 ሰዓት አለመጉመጥመጥ፣ እንትፍ እንትፍ አለማለት። ከዚያ በኋላ ለብ ያለ የጨው ውኃ።

ይህን ያልሰማ ሰው በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። ጉድጓዱ ባዶ ነው፤ የረጋው ደም የለም፤ ሕመሙ ጆሮ ድረስ ይሄዳል። ዛሬ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አየን። በጨው ውኃ አጥበን ከቅርንፉድ ዘይት የሚወጣው ዩጂኖል ያለበትን መድኃኒት አስቀመጥንለት። «ይሄ የወጥ ቅመም ሽታ ነው» አለ። ሲወጣ ፊቱ ተፈትቶ ነበር።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ዛሬ የፈራሁት ቀን መጣ። ረጅሙ ልጅ የአንድ ወጣት የታች መጨረሻ መንጋጋ እየነቀለ ነው። ደህና እየሄደ ነበር። ሲናገርም ነበር። «ላላ። ወደ ጉንጭ እየሰጠ ነው።» ድንገት ዝም አለ። እጁ ግን አልቆመም። ትከሻው ሲነሣ አየሁት።

ጠጋ አልኩ። ያወጣው ጥርስ ትሪው ላይ ነው። አንደኛው ሥር ጫፉ የለም።

ወደ ውጪ ጠራሁት። «ለምን ዝም አልክ?» «ታካሚው ይሰማል ዶክተር። ተሰበረ ብዬ ጮክ ብል ይደነግጣል።» እውነቱን ነው። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ተናገሩ ብያለሁ፤ ምን ብለው እንደሚናገሩ ግን አላስተማርኩም። እዚያው ቃል ተስማማን። ከዛሬ ጀምሮ እርዳታ የሚፈልግ ሰው «መብራት ቢጨመርልኝ» ይላል። እኔ እሰማለሁ፤ ታካሚው አይደነግጥም።

ተመለስን። ደሙን መጠጥን፣ አየን፣ ኤክስሬይ አነሣን። ጫፉ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የነርቩ ቦይ ላይ ተቀምጧል። ዙሪያውን መግል የለም። «ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። «አወጣዋለሁ።» «ለምን?» መልስ አልነበረውም። እኔም በዚያ ዕድሜዬ መልስ አልነበረኝም።

ከአራት አምስት ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ጥልቅ የተቀበረ፣ ያልመገለ፣ ለማውጣት ቢሞከር ነርቭ የሚጎዳ የሥር ጫፍ ይተዋል። ትቶ መሄድ ስንፍና አይደለም፤ ውሳኔ ነው። ግን ታካሚው ይነገረዋል፣ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ ኤክስሬዩ ይያያዛል፣ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ራሱ ረጅሙ ልጅ ነገረው። «ትንሽ ጫፍ ቀርቷል። ልናወጣው ብንሞክር ከንፈርህን ሊያደነዝዝ ይችላል። ስለዚህ ትተነዋል፤ እንከታተለዋለን።» ወጣቱ «እሺ ዶክተር፣ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» አለው።

ሌሊቱን ሙሉ ስለዚያ ገበሬ አሰብኩ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ሽቦ። የተሰበረ መንጋጋ የሚታሰርበት። በጂፕሰም በሠራናቸው የጥርስ ቅርጾች ላይ ብረቱን በየጥርሱ አሰርን። ሁሉም ሽቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠመዘዛል፤ የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት። ሌላ ከተማ የሚፈታው ሐኪም ወዴት እንደሚፈታ ያውቃል። ጫፉ ታጥፎ ይደበቃል፤ አለዚያ ጉንጭ ይበሳል። መንጋጋው ታስሮ ወደ ቤት የሚሄድ ሰው ከራስጌው ሽቦ መቁረጫ መለየት የለበትም፤ ካስመለሰው አፉ ካልተከፈተ ይታፈናል። አስታማሚውም የትኛው ሽቦ እንደሚቆረጥ ተለማምዶ ይውጣ። አጥሚት በገለባ፣ ቀጠን ብሎ፤ ይህንን ለእናቶቹ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ ጓደኞቹ ደግፈውት መጣ። ከአገጩ በታች ግራ ቀኙ አብጧል፤ ሲነኩት እንደ ጣውላ ይደድራል። ምራቁ ይዝረበረባል። አንገቱን ወደ ፊት አስግጓል። ምላሱ ወደ ላይ ተገፍቷል። አንደኛው ተማሪ «ይተኛ፣ ልየው» አለ።

«አይተኛም።» ምናልባት ጮኬ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው ከተኛ መተንፈሻው ይዘጋል። ተቀምጦ ነው የሚሄደው። ሆስፒታሉ ደወልን፣ የማደንዘዣ ሐኪም እንዲጠብቅ ነገርን፣ ሁለት ተማሪ አብሮ አምቡላንስ ገባ። በዚያው ሌሊት መተንፈሻው ተጠብቆ መግሉ ወጣ፤ ምክንያት የነበረው የታች ሁለተኛ መንጋጋም ተነቀለ።

ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1836 ገልጾታል፤ ስሙም በእሱ ቀረ። ለምን ብዙ ጊዜ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መንጋጋ ይነሣል? ልጆቹ በጣታቸው የራሳቸውን መንጋጋ ከውስጥ በኩል ዳስሰው አገኙት። የአፍን ወለል የሚይዘው ጡንቻ ከአጥንቱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ወደ ኋላ ሲሄድ ከፍ ይላል። የኋላ መንጋጎች ሥር ከመስመሩ በታች ይቀራል። ስለዚህ መግሉ አፍ ውስጥ ሳይሆን አንገት ውስጥ ይፈስሳል። የቀን ሠራተኛው ጥርሱን ያመመው ሳምንት ሙሉ ነበር። ፎቅ ላይ ሲሚንቶ እየተሸከመ። በየጊዜው የሚገዛው የሕመም ማስታገሻ ብቻ ነበር። በጊዜ ቢመጣ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነበር።

ቅዳሜ ጠየቁት። ሾርባ እየጠጣ ነበር።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ሰሞነ ሕማማት። ታካሚ ቀንሷል፤ ደም የሚፈስሰው ቁስል ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባት የሚፈልግ የለም። ጊዜውን ኖማ ለሚባለው በሽታ ሰጠነው። የተጎሳቆለ ሕፃን ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከኩፍኝ በኋላ፣ በድድ ቁስል ይጀምራል፤ በቀናት ውስጥ ጉንጭ ይበላል። ካልታከመ ከአሥሩ ዘጠኙን ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነው። ገና ድድ ላይ እያለ አንቲባዮቲክ፣ አፍ ማጽዳትና ምግብ ያቆሙታል። ስለዚህ እነዚህ ስድስት ልጆች በሄዱበት ሁሉ የከሳ ሕፃን ሲያዩ ከንፈሩን ገልጠው ድዱን እንዲያዩ አስማልኳቸው። ማሉ።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ፋሲካ አለፈ። ያው ሥጋ ቤት ሄድኩ። ሳልናገር «ስንት?» አለኝ። ስድስት አልኩት። ብር አልቀበልም ብሎ አስቸገረኝ፤ ግማሹን አስገድጄ ሰጠሁት።

ልጆቹ በየካቲት የሠሩትን ደገሙ። አንድ ምት፣ እስከ አጥንት። ስድስቱም። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ድምፅ በየተራ ሲናገር ሰማሁ። ቀስ ብለው። እየተረጋጉ። ግራኟ ለረጅሙ ልጅ ቋጠሮ ታስተምር ነበር። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ብዙ ጊዜ አየኋቸው።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

የመጨረሻ ቀን። መርካቶ ሱቅ ያላት ሴት፣ የታች ግራ መጨረሻ መንጋጋ። ግራኟ ከኋላ ቆመች፤ ግድግዳው ላይ እንዳለው ሥዕል። «ምን ቀመስሽ እህቴ?» ብላ ጀመረች። ወጋች፣ ጠበቀች፣ ከንፈሯን ፈተሸች። ጥርስ የሚፈነቅለውን ብረት፣ ኤሌቬተሩን፣ አስገባች። ከዚያ እጇ ቆመ። ፍጹም ቆመ።

«ዶክተር፣ መብራት ቢጨመርልኝ።»

ጠጋ አልኩ። በሹክሹክታ «ጥርሱ አይደለም የሚንቀሳቀሰው። አጥንቱ አብሮ እየመጣ ነው» አለችኝ። ጣቴን አሳረፍኩ። ልክ ናት። ትንሽ ብትጨምር መንጋጋው ሊሰበር ይችል ነበር። «ምን ይሻላል?» አልኳት። «ጥርሱን ለሁለት እከፍለዋለሁ።» ድዱን ገለጠች፣ ውኃ እየፈሰሰ በመሰርሰሪያው ከፈለችው፣ ሁለቱ ሥሮች በየተራ ወጡ። ጫፋቸውን አየች። ሁለቱም ሙሉ ናቸው። ሦስት ስፌት።

ሴትየዋ ጋውዙን ነክሳ፣ አፏን እንደያዘች፣ የልጅቷን እጅ ያዝ አድርጋ አንገቷን ነቀነቀች። ተማሪዋ ወረቀቱን አነበበችላት፤ ቡና፣ አረቄ፣ መፋቂያ፣ ሁሉንም። ካርዱ ላይ «አጥንት ስለተንቀሳቀሰ ቆሜ ጥርሱን ከፈልኩ» ብላ ጻፈች። ስልክ ቁጥር ተቀበለች። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ራሷ ትደውልላታለች።